የተማሪዎቻችንን ተሰጥኦና ጥሪ እንዴት እንለይ? በባሕር ዳር ላለን የክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህራን

አምስተኛ ክፍል ግቡና «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት። አርባ ልጅ ቢኖር መልሱ ከአምስት ሙያ እምብዛም አያልፍም። ልጆቹ የሰሙትን ነው የሚመልሱት። አይተው የማያውቁትን ሥራ ከየት አምጥተው ይምረጡ?

ነገሩ እያደር ዋጋ ያስከፍላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ቁጥሩ አልተሻለም። የትምህርት ጥራት ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን የቀሩት ልጆች ነገር ነው። «ዩኒቨርሲቲ ካልገባህ አለቀልህ» እየተባለ ያደገ ልጅ ውጤቱን ባየ ቀን ምን ይጨብጣል? እግዚአብሔር እያንዳንዱን ልጅ ለመልካም ሥራ እንደፈጠረው እናምናለን (ኤፌሶን 2፥10)። ታዲያ ልጁ ያ ሥራ ምን እንደሆነ እንዲያይ የምንረዳው መቼ ነው?

ከዚህ በታች የጻፍኩት ከአምስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆን አሠራር ነው። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ደብተር፣ ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት መምህራኑ ይነጋገሩ

ልጆቹ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት መምህራኑ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን አብራችሁ አንብቡ። ብላቴናው ሳሙኤል ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። የጠራው ማን እንደሆነ ገና አያውቅም ነበር። ዔሊ ራሱ የገባው በሦስተኛው ነው። ሲገባውም «ነቢይ ትሆናለህ» አላለውም። ተመልሶ እንዲተኛና ሲጠራ ምን ብሎ እንደሚመልስ ብቻ አስተማረው። የመምህር ድርሻ ይኸው ነው። ልጁ እንዲሰማ እናዘጋጀዋለን፤ መልእክቱን ግን እኛ አንፈጥርለትም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። በጸሎት ሰዓት «ጌታ አሳይቶኛል፣ አንተ ሐኪም ትሆናለህ» ተብሎ የተነገረው ልጅ ኬሚስትሪ ሲከብደው የወደቀው በትምህርቱ ብቻ አይመስለውም። እግዚአብሔርን ያሳዘነ ይመስለዋል። ስለ ልጆቹ አብዝታችሁ ጸልዩ፤ ትንቢት ግን አትጫኑባቸው።

ሁለተኛው የምትነጋገሩበት ነገር የእጅ ሥራ ነው። በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ንቀቱ ዛሬም ክፍል ውስጥ አለ። «ካልተማርክ ጋራዥ ነው የምትገባው» ብሎ ልጅ የሚያስፈራራ መምህር ካለ፣ ጋራዥ ውስጥ የሚያበራ አእምሮ ያለውን ልጅ አስቀድሞ አጥፍቶታል። ዘፀአት 31ን ክፈቱ። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ለወርቅ፣ ለብር፣ ለናስ፣ ለዕንጨትና ለድንጋይ ሥራ ነው። ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 18፥3)። ጌታችን ራሱ በአገሩ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው ጸራቢ ተብሎ ነው (ማርቆስ 6፥3)። መምህራኑ ይህን ከልባቸው ካልተቀበሉት የሚቀጥሉት ደረጃዎች ሁሉ ከንቱ ናቸው።

ደብተር ክፈቱ

ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃል። ደብተሩን የሚይዘው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ነው። ነገር ግን ልጆቹን የሚያያቸው እሱ ብቻ መሆን የለበትም። የላይብረሪዋ ሠራተኛ፣ የግቢው ዘበኛ፣ የስፖርት መምህሩ፣ ሻይ ክበብ ያለችው እናት እኛ የማናየውን ያያሉ። በወር አንድ ጊዜ «ይህን ልጅ እንዴት ታዩታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ምን ይጻፍ? አራት ነገር ፈልጉ። ልጁ ማንም ሳያዘው የሚሠራው ምንድን ነው? ሰዓቱን የሚረሳው ምን ሲሠራ ነው? ጓደኞቹ ለምን ጉዳይ ይፈልጉታል? ምን ሲያይ ይናደዳል ወይም ያዝናል? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው እሱ ይመስለኛል። የውኃ ቧንቧ ሲንጠባጠብ አይቶ ማለፍ የማይችል ልጅ አለ። አንድ ተማሪ ብቻውን ሲበላ ካየች ሄዳ አጠገቡ የምትቀመጥ ልጅ አለች። የተሳሳተ ነገር የሚያሳክከው ልጅ፣ ያንን ነገር የማቅናት ጸጋ ሊኖረው ይችላል።

አጻጻፉ ደግሞ የታየውን ብቻ ይሁን። «ጎበዝ ነው»፣ «ሰነፍ ናት» ምንም አይነግረንም። እንዲህ ጻፉ፦ «የሰልፍ ማይክ ሲበላሽ ሮጦ ሄዶ ገመዱን ነቅሎ ሰካው፤ ሠራ።» ወይም «ሁለት ልጆች ሲጣሉ ሁለቱንም ለየብቻ አናገረቻቸው፤ ከእረፍት በኋላ አብረው ተጫወቱ።» ቀኑን አስፍሩ። አንድ ጊዜ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ሰው ዐይን፣ ደጋግሞ የታየ ነገር ግን ምልክት ነው።

አደራ፣ ደብተሩን ከሪፖርት ካርድ ጋር አታቀላቅሉት። ደረጃ የለውም፤ አንደኛ ሁለተኛ የለውም። ልጆቹም በደብተሩ እንደማይወዳደሩ ይወቁ። ጌታ በማቴዎስ 25 በተናገረው ምሳሌ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ተሰጠው፤ ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ። አንድ መክሊት ራሱ የቀን ሠራተኛ ሃያ ዓመት ገደማ ሠርቶ የሚያገኘው ብር ነበር። ትንሽ የተሰጠው ሰው በምሳሌው ውስጥ የለም።

ልጁን አነጋግሩት

በሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ቢሮ አታስገቡት፤ ቢሮ የተጠራ ልጅ ያጠፋውን ነው የሚያስበው። ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ወይም ግቢውን አብራችሁ ዙሩ። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» የሚለውን ተዉትና እነዚህን ሞክሩ፦ ባለፈው ሳምንት ደስ ብሎህ የሠራኸው ነገር ምንድን ነው? ሰው አስተምረህ ታውቃለህ? ምን? ቤታችሁ ውስጥ ለምን ሥራ ነው አንተን የሚጠሩህ? ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ነገር ማስተካከል ብትችል ምኑን ታስተካክላለህ? እግዚአብሔር ሙሴን የጠየቀው ጥያቄም እዚህ ይገባል፦ በእጅህ ያለው ምንድር ነው (ዘፀአት 4፥2)?

ዝምተኛ ልጅ «ምንም» ይላችኋል። አትቸኩሉ። ሥዕል ሥሎ ወይም ጽፎ እንዲያመጣ ስጡት። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠ፣ ቀያቸውን ትተው የመጡ ልጆችም በየክፍሉ አሉ። እነዚህ ልጆች ስለ ነገ ከመጠየቃቸው በፊት ዛሬ እንደሚወደዱ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። ለእነሱ ይህን ደረጃ ማዘግየት ምንም ጉዳት የለውም።

ሥራ ስጡአቸው

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። ተሰጥኦ በወሬ አይለይም። ልጁ ሥራ ላይ ሲገባ ነው የሚታየው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ሥራዎች በዝርዝር ጻፉና ልጆቹ እየተዘዋወሩ እንዲሠሩባቸው አድርጉ። ሚኒ ሚዲያ፣ የሰልፍ ጸሎትና መዝሙር፣ ላይብረሪ፣ የችግኝ ቦታ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ የክበብ ገንዘብ መያዝ፣ የተሰበረ ወንበር መጠገን፣ እንግዳ መቀበል፣ ለበዓል ድራማ ማዘጋጀት። አንድ ልጅ በአንድ ሥራ ላይ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ከዚያ ካነሰ አዲስነቱ አይወጣለትም፤ ልጁ ወዶት ይሁን ጓጉቶ አይለይም።

ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ልጁ ሦስት መስመር ይጻፍ፦ ምን ቀለለኝ? ምን ከበደኝ? ድጋሚ ብታዘዝ እሠራዋለሁ ወይ? ከዚያ አብረውት የሠሩት ልጆች «እሱ ሲኖር ምን ይሻለናል?» ለሚለው ጥያቄ ይመልሱ። ይህ ሁለተኛው እጅግ ይጠቅማል። ሰው የራሱን ጸጋ ብዙ ጊዜ አያየውም፤ ስለሚቀልለው ለሁሉም የሚቀል ይመስለዋል። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 12 ስለ አካልና ብልቶች የጻፈውን ለልጆቹ የምታስተምሩበት ጥሩ ጊዜም ይኸው ነው። ዐይን የሌለው ቡድን ምን እንደሚመስል በገዛ ሥራቸው አይተውታልና።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሥራው በትምህርት ሰዓት ውስጥ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ካደረጋችሁት ብዙ ሴት ልጆች አይገኙም። ቤት ውኃ የሚቀዳው፣ እንጀራ የሚጋገረው፣ ሕፃን የሚያዘው በእነሱ ነው። ከዚህ ጋር ደግሞ ቤት የሚሠሩትን እንደ ተሰጥኦ ቁጠሩላቸው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ የቤቱን አስቤዛ በልኩ ገዝታ መልስ ይዛ የምትመለስ ልጅ ሒሳብም አስተዳደርም ታውቃለች። ማንም ስላልነገራት ነው የማታውቀው። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ለመበለቶች ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ስትሞት መበለቶቹ ያሳዩት የሰፋችውን ልብስ ነው (ሐዋርያት ሥራ 9)።

ሁለተኛ፣ ጎበዝ የሚባሉት ልጆች ሁሉንም ሥራ እንዳይጠቀልሉት። የክፍል አለቃው የሚኒ ሚዲያም፣ የመዝሙርም፣ የድራማም አለቃ ከሆነ ሌላው አርባ ልጅ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። በትምህርት የሚዘገየውን ልጅ አስቀድሙት። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን የሸሸ ልጅ ነበር ይባላል። ትሉ ዛፉን ሲወጣ አይቶ እንደተመለሰ ሁላችንም እንተርካለን። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች ያበረከተልን ይኸው ዘገምተኛ የተባለ ልጅ ነው።

ከተማውን አሳዩአቸው

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ሥራዎች ሁሉ በባጃጅ ርቀት ላይ ናቸው። በሴሚስተር ሁለት ጉብኝት ይበቃል። ሽርሽር እንዳይሆን ግን ስምንት ወይም አሥር ልጅ ብቻ ውሰዱ፤ እነዚያም በደብተሩ መሠረት የተመረጡ ይሁኑ። ሕመምተኛ የሚያሳዝናቸውን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። የሚስሉትንና መስፋት የሚወዱትን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ትምህርት ወደሚሰጥበት። መድረክ የሚያበራቸውን ወደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል። ሞተር የሚፈታቱትን ጋራዥ ውሰዱ፤ ቀጥሎም መርከብ ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች ወደሚሠለጥኑበት የዩኒቨርሲቲው የማሪታይም አካዳሚ። ሐይቅ ዳር አድጎ መርከብ የሚያንቀሳቅስ ሙያ እዚሁ ከተማ እንደሚሰጥ የማያውቅ ተማሪ መኖሩ ያስቆጫል።

ሐይቁ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ዓሣ አስጋሪዎቹን በማለዳ አግኟቸው። ቀረሶውን ከአምባዛው ሲለዩ፣ መረብ ሲጠግኑ፣ ዋጋ ሲደራደሩ ልጆቹ ይዩ። እምቦጭ ሐይቁን እንዴት እንደሚያስቸግር ከእነሱ ይስሙ። ባዮሎጂ የሚወድ ልጅ እዚያው ይነቃል፤ በከተማው የዓሣ ምርምር ማዕከል እንዳለ ንገሩት። ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ባለሙያዎችም ጎብኙ። ልጆቻችን ስለ እነዚህ ሰዎች የሰሙት ንቀት ነው፤ ሙያቸውን በቅርብ ያየ ግን ጥቂት ነው። አክብራችሁ ሂዱ፣ ለጊዜያቸው ክፈሉ፣ ልጆቹ ተቀምጠው እንዲማሩ አድርጉ።

ዘጌ ከሄዳችሁ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ታገኛላችሁ። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል የሚስሉ ልጆችን ያስደንቃቸዋል። ጫካው ደግሞ ገበሬ መሆን ማለት ምን እንደሆነ ሌላ መልክ ያሳያቸዋል። በቆየው የገዳሙ ሥርዓት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ቡናው ዛፍ ሥር ይበቅላል፣ ዛፉም በዚያ ምክንያት ተርፏል። ሃይማኖት ጫካን እንዴት እንዳቆየ በዐይናቸው ያያሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች ስለማይገቡ ሴት ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ዑራ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚነፍስ ጠዋት ተነሡ። ላይፍ ጃኬት ሳይኖር ጀልባ ላይ እንዳትወጡ። የትብብር ደብዳቤና የወላጅ ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ።

ለሚጎበኙት ባለሙያ ልጆቹ ሦስት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። ይህን ሥራ እንዴት ጀመሩት? ከሥራው የሚያስመርርዎት ምንድን ነው? ሥራዎ ለማን ይጠቅማል? ሁለተኛውን አትዝለሉት። የሥራውን ምሬት ሰምቶም የሚወደው ልጅ ሌላ ልጅ ነው።

ወላጆችን ያዙ

እዚህ ላይ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይሰናከላሉ። ወላጅን የሚጠሩት ልጁ ሲያጠፋ ወይም ክፍያ ሲዘገይ ነውና፣ ወላጁ ገና ከበሩ ሲገባ ልቡ ዝግ ነው። መልካም ነገር ለመናገር ጥሩአቸው። ወሬውንም በምክር አትጀምሩ። ያያችሁትን ንገሯቸው፦ «ልጅዎ ሁለት ወር ሙሉ ትናንሾቹን ሒሳብ ስታስጠና አይቻለሁ። ያልገባው ልጅ ሲገጥማት አትቆጣም፤ በሌላ መንገድ ትሞክራለች። ቤትስ እንዲህ ናት?» ከዚያ ዝም በሉ። እናት የምትነግራችሁ ደብተራችሁ ላይ የሌለ ነገር ነው።

አባት «መምህር፣ በሥዕል እንጀራ ይበላል እንዴ?» ሊላችሁ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልጁን ለማሳደግ የለፋው እሱ ነው። አትከራከሩት። መሣል የሚችል ሰው የሚሠራባቸውን ሥራዎች ቁጠሩለት፦ የሕንፃ ንድፍ፣ የልብስ ዲዛይን፣ የማስታወቂያና የሕትመት ሥራ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል። ደግሞም እውነቱን ንገሩት፤ ተሰጥኦ ሁሉ ደመወዝ አያመጣም። መዝሙር ጸጋው የሆነ ልጅ በሒሳብ ሠራተኛነት ኖሮ በመዘምራን ሊያገለግል ይችላል። ጳውሎስ ከስብከቱ ጋር ድንኳኑን አልተወም። ወላጅ ይህን ሲሰማ «ልጄን ሜዳ ላይ ሊጥሉት ነው» የሚለው ፍርሃት ይቀንስለታል።

አሥረኛ ክፍል ላይ

11ኛ ሲገቡ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ መምረጥ ግድ ነው። ብዙ ልጅ የሚመርጠው ጓደኛው የመረጠውን ነው። ስለዚህ በአሥረኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ልጁ፣ ወላጁና መምህሩ አንድ ላይ ተቀምጠው ደብተሩን ያንብቡ። ልጁ አስቀድሞ ይናገር። በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት አቅጣጫ ይጻፍ፤ አንድ ብቻ አይሁን። ከአቅጣጫዎቹም ቢያንስ አንዱ ያለ ዩኒቨርሲቲ የሚደረስበት ይሁን። ጸልዩና ተለያዩ።

ፈተናው ካለፈ በኋላ

12ኛ ክፍል ሲጨርሱ በደብተሩ ስለ እሱ የተጻፉትን ገጾች ለልጁ ስጡት፤ ትምህርት ቤቱ ቅጂውን ያስቀር። ውጤት በወጣ በዚያው ሳምንት ደግሞ ላለፉትም ላላለፉትም ደውሉ። ላላለፉት አስቀድማችሁ ደውሉ። በዚያ ሳምንት ስልክ የሚያነሣላቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ሆነ?» እያለ ነው። «ገጾችህን ይዘህ ና» በሉት። የጻፋችሁትን አቅጣጫ አብራችሁ ክፈቱ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ምዝገባ ሳይዘጋ የሥልጠና ዘርፎቹን ከእሱ ጋር ሄዳችሁ እዩ፤ የሚያስፈልገውን ማስረጃም ትምህርት ቤቱ በዚያው ቀን አዘጋጅቶ ይስጠው።